ቃል ያለው ድምፅ፦ ኤልዛቤት ፍሬዘርና አብረዋት የሠሩት

ጨለም ያለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚባለው ዘርፍ በሲንተሳይዘር፣ በድራም ማሽንና ከቆዩ ሸክላዎች ላይ ተቀንጭበው በሚወሰዱ ድምፆች የሚገነባ፣ ምቱ የዘገየ፣ ባሱ የከበደ፣ ስሜቱም ወደ ሐዘንና ወደ ስጋት የሚያደላ ሙዚቃ ነው። መሣሪያዎቹ ቀዝቃዛና ተደጋጋሚ በመሆናቸው፣ የሰው ድምፅ በመካከላቸው ሲገባ ከሌላው ሙዚቃ ይልቅ ራቁቱን ይቆማል፤ ጉድለቱም ውበቱም ወዲያው ይሰማል። ከዚህ ፈተና ፊት ከቆሙት ድምፃውያን መካከል ስኮትላንዳዊቷ ኤልዛቤት ፍሬዘር በሃያሲያን ዘንድ እጅግ ከተወደሱት አንዷ ብትሆንም፣ በተወደሰችው ልክ ተደምጣለች ለማለት ግን አያስደፍርም።

ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1963 ግሬንጅማውዝ በምትባል የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ ተወለደች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያችው ከተማ ሮቢን ጉትሪና ዊል ሄጊ ካቋቋሙት ኮክቶ ትዊንስ ከተባለው ቡድን ጋር ተቀላቅላ፣ ከ1982 እስከ 1996 ድረስ በርካታ አልበሞችን አወጣች፤ ቡድኑም በ1997 ተበተነ። አብዛኛው ሥራቸው የታተመው ፎር ኤዲ በተባለው የለንደን አሳታሚ ነው።

ኮክቶ ትዊንስን የጊታር ቡድን አድርጎ መቁጠር የተለመደ ቢሆንም፣ ቡድኑ ከበሮ መቺ እንዳልነበረው ማስታወስ ይገባል። ምቱን የሚያወጣው ድራም ማሽን ነበር፤ የጉትሪ ጊታርም ቢሆን በማስተጋቢያና ድምፅን በሚያዛቡ መሣሪያዎች ውስጥ እያለፈ ከክር ድምፅነቱ ይልቅ ወደ ጭጋግነት የተለወጠ ነበር። ስለዚህ ፍሬዘር በ1990ዎቹ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች ጋር መሥራት ስትጀምር ወደ ማታውቀው አገር አልሄደችም፤ ከመጀመሪያው አንስቶ ስትዘፍን የኖረችው ከማሽን ጋር ነው።

የብሪታንያ የሙዚቃ ጋዜጦች በ1980ዎቹ ስለ እርሷ ድምፅ ሲጽፉ ከሰማይ በታች የሚገኝ ቃል አልበቃቸው ብሎ ነበር። መልአካዊ ነው አሉ፣ የዚህ ዓለም አይደለም አሉ፣ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው እስከማለትም ደረሱ። ውዳሴው ከልብ የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ይሁን እንጂ አንድን ዘፋኝ መልአክ ብሎ የጠራ ሃያሲ ምን እንደዘፈነች የመጠየቅ ግዴታ ያለበት አይመስለውም። ዛሬም ድረስ በየመጽሔቱ የሚደጋገመው ትልቁ ስህተት የመጣው ከዚሁ ነው። ስህተቱም የፍሬዘር ዘፈኖች ግጥም የላቸውም፣ የምታሰማው ትርጉም አልባ ድምፅ ብቻ ነው፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም በልሳን እንደሚናገር ሰው ነው የምትዘፍነው የሚል ነው።

ይህ አባባል ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ስለሚጨምር ግን አሳሳች ነው። በመጀመሪያ፣ ቃሉ ለአድማጭ አለመሰማቱና ቃሉ አለመኖሩ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በቅዳሴ መካከል የግዕዙን ቃል ሳይረዳ በዜማው ብቻ ልቡ የሚነካ ምእመን ቃሉ ትርጉም የለውም ብሎ አይደመድምም፤ የእንግሊዝ ሃያሲያን ግን በገዛ ቋንቋቸው የተዘፈነውን ሲያጡት የጎደለው የእነርሱ ጆሮ ሳይሆን የዘፋኟ ቃል ነው ብለው ደመደሙ። በኮክቶ ትዊንስ ቅጂዎች ውስጥ ቃሉ የሚሰወርባቸው ምክንያቶች በጥሞና ለሚያዳምጥ ሰው የሚታወቁ ናቸው። ድምፁ በጊታሩ ጭጋግና በማስተጋቢያው ገደል ማሚቶ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል፤ ከዚያም በላይ ፍሬዘር በብዙ ዘፈኖች ላይ የገዛ ድምፅዋን ሁለትና ሦስት ጊዜ ደርባ ስለምትቀዳ፣ አንዱ ድምፅ አንድ ነገር ሲል ሌላው በላዩ ላይ ሌላ ይላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ያልሰማ አድማጭ ተናጋሪዎቹ ቃል የላቸውም ብሎ ሊፈርድ አይገባውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቃላቱ የተገኙበት መንገድ ነው። ፍሬዘር በተለያዩ ጊዜያት በሰጠቻቸው ቃለ መጠይቆች እንዳስረዳችው፣ አንዳንዶቹን ቃላት የምትለቅመው በማታውቃቸው ቋንቋዎች ከተጻፉ መጻሕፍት ሲሆን፣ ትርጉማቸውን አለማወቋ ነፃነት ይሰጣት ነበር፤ ቃሉ ትርጉም የሚያገኘው ስትዘፍነው ነውና። ይህ አሠራር ከፈጠራ ልሳን የተለየ ነው። የተመረጠ፣ የተጻፈና በአፍ ውስጥ ደጋግሞ የተሞከረ ቃል በስሜት ግንፋሎት ከሚወጣ ድምፅ ጋር አይተካከልም። በ1984 የወጣው «ትሬዠር» የተባለው አልበም ይህን ለቃል ያላትን ፍቅር በርዕሶቹ ብቻ ያሳያል፤ አሥሩም ዘፈኖች እያንዳንዳቸው በአንድ ስም የተሰየሙ ሲሆኑ፣ ፐርሰፎኒና ፓንዶራ የመሳሰሉት ከጥንት የግሪክ ተረቶች የመጡ ናቸው። በ1993 «ፎር ካሌንደር ካፌ» በተሰኘው አልበም ላይ ደግሞ ያለ መሸፋፈን፣ ማንም እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሚከተለው ቃል ስለ ራሷ ሕይወት ዘፈነች። ቃል የለሽ የተባለችው ዘፋኝ ቃሏን ስትገልጥ ምስጢሩ ቀረ ብለው ያዘኑ አድናቂዎች መኖራቸው፣ ውዳሴ እንዴት ወጥመድ እንደሚሆን ያሳያል።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ስህተት የሚያፈርሰው በስፋት የታወቀው ሥራዋ ነው። የብሪስቶሉ ቡድን ማሲቭ አታክ በ1998 ባወጣው «ሜዛኒን» አልበም ላይ ፍሬዘር በሦስት ዘፈኖች ተሳትፋለች፤ ከእነዚህ አንዱ ስሙ የእንባ ዘለላ ማለት የሆነው «ቲርድሮፕ» ነው። ማሲቭ አታክ ትሪፕ ሆፕ ለተባለው፣ የሂፕ ሆፕን ምት አዘግይቶ ከሬጌ ባስና ከፊልም ሙዚቃ ድባብ ጋር ለሚያዋሕደው ስልት ፈር ቀዳጅ ሲሆን፣ የራሱ ቋሚ ሴት ድምፃዊ ስላልነበረው በየአልበሙ እንግዳ ይጋብዝ ነበር። ለዚህ ዘፈን ከቡድኑ አባላት አንዱ አንድሩ ቮልስ ማዶናን ፈልጎ ረቂቁን ልኮላት ነበር፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ ሮበርት ዴል ናያና ግራንት ማርሻል ግን ፍሬዘር ካልሆነች አሉ፣ የእነርሱም ድምፅ በለጠ።

የ«ቲርድሮፕ» አሠራር ሲታይ ቀላል ነው። የከበሮው ምት ሌስ ማካን ከተባለው አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኒስት የ1973 ሸክላ የተቀነጨበ ሲሆን፣ ዝግ ብሎ እንደ ልብ ትርታ ይመታል፤ በላዩ ሃርፕሲኮርድ የሚመስል፣ ማለትም መዶሻ ሳይሆን መንቆር ክሩን የሚነጭበት የጥንት የአውሮፓ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ድምፅ ያለው አጭር ሐረግ ይደጋገማል፤ ከዚያ የፒያኖ ኖታዎች ከታች ይወድቃሉ። ይህን ዘፈን በስልክ ድምፅ ማጉያ ማዳመጥ ልማድ ሆኗል፤ ትንሿ ማጉያ የታችኛውን ትርታ ማውጣት ስለማትችል፣ አድማጩ ልብ የሌለው ዘፈን ሰምቶ ሰማሁ ይላል፤ መካከለኛ የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ይህን ጥፋት ያስቀራል።

ፍሬዘር የምትገባው ትርታው ከተደላደለ በኋላ ነው። ድምፅዋ ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ፣ ከትንፋሽ እምብዛም ሳይለይ ይጀምርና፣ በሐረጉ መጨረሻ ላይ ከደረት ድምፅ ወደ ራስ ድምፅ በቀጭን ስንጥቅ ይሻገራል፤ ብዙ ዘፋኞች በልምምድ ሊደብቁት የሚታገሉትን ይህን መሻገሪያ እርሷ እንደ ጌጥ ትጠቀምበታለች። የመጀመሪያው ስንኝ ደግሞ ፍቅርን የሚበይነው በሰዋስው ነው፤ ፍቅር ከቃል ክፍሎች ግሥ እንደሆነ ከተናገረች በኋላ፣ የብሪታንያ አንደኛ ደረጃ መምህራን ግሥ ምን እንደሆነ ለሕፃናት በሚያስረዱበት አነጋገር ታብራራዋለች። ቃል የላትም የተባለችው ሴት በዓለም ዙሪያ የታወቀውን ዘፈኗን የከፈተችው በሰዋስው ትምህርት መሆኑን ከአድናቂዎቿ ስንቱ ልብ እንዳለው ያጠያይቃል።

የግጥሙም ምንጭ የታወቀ ነው። ፍሬዘር በአንድ ወቅት በፍቅር ትቀራረበው የነበረው አሜሪካዊ ድምፃዊ ጄፍ በክሊ በሜይ 29 ቀን 1997 ሜምፊስ አቅራቢያ በሚገኘው ዎልፍ ወንዝ ሲዋኝ ሰጥሞ ሞተ። በ2009 በሰጠችው ቃለ መጠይቅ እንደተናገረችው፣ በ«ቲርድሮፕ» ሥራ ላይ ሳለች የድሮ ደብዳቤዎቹን አውጥታ ስለ እርሱ ታስብ ነበር፤ ዘፈኑም ለእርሷ ስለ እርሱ የሆነ ያህል ይሰማታል። ነጠላ ዜማው በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 10ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ለማሲቭ አታክ በዚያ ሰንጠረዥ ከአሥሩ ውስጥ የገባ ብቸኛ ሥራው ነው። ከዚያም ከ2004 እስከ 2012 የታየው «ሀውስ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ዘፈኑን መክፈቻው አድርጎ ወሰደው፤ የወሰደው ግን ትርታውንና ሃርፕሲኮርዱን ብቻ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተመልካቾች ዘፈኑን ያወቁት ድምፅዋ ተቆርጦ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቃሉን አለማወቃቸው ሊያስገርም አይገባም።

ይህ ሐዘን ቀደም ያለ ጥላ አለው። በ1983 የፎር ኤዲ መሥራች አይቮ ዋትስ ራስል ዚስ ሞርታል ኮይል በሚል ስም አሳታሚው የሚያሳትምላቸውን ሙዚቀኞች እያሰባሰበ በሚያስቀዳው ፕሮጀክት፣ ፍሬዘርና ጉትሪ «ሶንግ ቱ ዘ ሳይረን» የተባለውን ዘፈን ተጫወቱ። የዘፈኑ ባለቤት ቲም በክሊ፣ ማለትም የጄፍ አባት ነበር። በጉትሪ ጊታርና በእርሷ ድምፅ ብቻ የተሠራው ይህ ቅጂ በብሪታንያ የነፃ አሳታሚዎች ሰንጠረዥ ላይ ከ100 ሳምንታት በላይ ቆየ። የፊልም አዘጋጁ ዴቪድ ሊንች በ1986 ለወጣው «ብሉ ቬልቬት» ፊልሙ ፈልጎት መብቱን ማግኘት ስላልቻለ፣ ከአቀናባሪው አንጀሎ ባዳላሜንቲ ጋር ሌላ ዘፈን ሠርቶ ለድምፃዊት ጁሊ ክሩዝ ሰጠ፤ የክሩዝም ዝና የጀመረው ከዚያ ነው። ሊንች የተመኘውን ቅጂ በፊልሙ ለማስገባት የበቃው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1997 በወጣው «ሎስት ሀይዌይ» ነው። ፍሬዘር ያልተገኘችበት ቦታ እንኳ ሌላ ድምፃዊት አፍርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቀሩት ትብብሮቿ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። በ1986 ኮክቶ ትዊንስ ከአሜሪካዊው ፒያኒስት ሃሮልድ በድ ጋር የሠሩት አልበም ዝምታን የሚያከብር ሥራ ነው፤ በ1994 ፊውቸር ሳውንድ ኦፍ ለንደን የተባለው ጥንድ ባወጣው «ላይፍፎርምስ» ላይ ግን ድምፅዋ ከሌሎቹ ድምፆች እንደ አንዱ ተበትኖ የቀረ ይመስላል፤ በ2000 በድምፃዊው ፒተር ገብርኤል «ኦቮ» ላይ ያላት ድርሻም ከችሎታዋ ያነሰ ነው። ለአቀናባሪው ክሬግ አርምስትሮንግ በ1998 የዘፈነችው «ዚስ ላቭ» ከዚህ ይሻላል። በ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ላይ ለአቀናባሪው ሃዋርድ ሾር ያዜመቻቸው ሙሾዎች ደግሞ ለተነሳው ጉዳይ ልዩ ምስክር ናቸው፤ የተዘፈኑት ደራሲው ቶልኪን በፈጠራቸው፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ባላቸው የኤልፎች ቋንቋዎች ነውና፣ እዚህ ላይ ማንም ቃሉ ባይገባውም ቃል የለም ብሎ አልተከራከረም።

በስሟ የወጣ ሙሉ የግል አልበም እስካሁን የላትም። በ2021 ከአሜሪካዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ ዳንኤል ሎፓቲን ጋር አንድ ዘፈን አውጥታለች፤ በ2022 ከከበሮ መቺው ዴመን ሪስ ጋር ሰንስ ሲግኔቸር በሚል ስም አምስት ዘፈኖችን አሳትማለች። ከማሲቭ አታክ ጋር ደግሞ የ«ሜዛኒን»ን 21ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2019 በተካሄደው ዙረት ላይ ወደ መድረክ ተመልሳ ሦስቱን የአልበሙን ዘፈኖች ተጫውታለች፤ ከእነርሱም ሌላ ፒት ሲገር በ1950ዎቹ የደረሰውን፣ አበቦቹ የት ሄዱ እያለ ስለ ጦርነት የሚጠይቀውን፣ ሕፃን ልጅ እንኳ ቃል በቃል የሚከተለውን የሰላም መዝሙር ዘፍናለች።