ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይከፈላል? ጫናውስ የት ያርፋል?



በወላይታ ዞን ብዙ ተማሪ አፉን በወላይትኛ ይፈታል፤ በላቲን ፊደል ማንበብ ይጀምራል፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። በመጽሐፍ የሚያውቀውን ቃል ከመምህሩ አንደበት ሲሰማው ሌላ ቃል ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ሲሆን የጎደለው ትርጉሙ ሳይሆን የቀለሙ ልክና የጫናው ቦታ ነው።

ቀለም የምለው በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚቆመውን የቃል ክፍል ነው። ሆሄ መቁጠር ያሳስታል። ጥንካሬ ማለት የሆነው «ስትሬንግዝ» በእኛ ፊደል 6 ሆሄ ይፈጃል፤ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ቀለም ብቻ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የወል ቤት ስንኝን 12 ቀለማት ስንቆጥር አናባቢ የሌለውን ሳድስ እንዘለዋለን። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የሚሰሙትን አናባቢዎች መቁጠር ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጫናውን መፈለግ ነው። ጫና አንዱ ቀለም ከሌሎቹ ጎልቶና ረዘም ብሎ መሰማቱ ሲሆን፣ ፍንጩ አዘውትሮ የሚገኘው በቃሉ መጨረሻ ነው። በ«ሽን» ወይም በ«ኢክ» የሚያልቅ ቃል ጫናውን ከዚያ በፊት ባለው ቀለም ላይ ያሳርፋል፤ በ«ኤ·ጁ·ኬይ·ሽን» ጎልቶ የሚሰማው «ኬይ» ነው። በ«ኢቲ»፣ በ«ሎጂ»ና በ«ግራፊ» የሚያልቀው ግን ከመጨረሻው ሦስተኛውን ይመርጣል፤ በ«ዩ·ኒ·ቨር·ሲ·ቲ» «ቨር» ይጎላል። ከደንቡ የሚያፈነግጥም አለ፤ «ኤ·ረ·ቢክ» ጫናው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ነው።

ጫናው ሲዛወር የአናባቢው መልክም ይለወጣል። «ፎ·ተ·ግራፍ» በ«ፎ»፣ «ፈ·ቶ·ግረ·ፊ» በ«ቶ»፣ «ፎ·ተ·ግራ·ፊክ» በ«ግራ» ላይ ይጎላሉ፤ ጫና ያጣው አናባቢ ይደክማል። በወላይትኛ ጽሑፍ እያንዳንዱን አናባቢ አሟልቶ ማንበብ የለመደ ተማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ጆሯችን ያልተጻፈን መለየት ያውቅበታል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት መሆኑን ፊደሉ አይነግረንም፤ በወላይትኛም ቃልን ከቃል የሚለየው የድምፅ ከፍታ በጽሑፍ አይመለከትም። ስለዚህ ተማሪው አዲስ ቃል በደብተሩ ሲያሰፍር በመዝገበ ቃላቱ የድምፅ አጻጻፍ ውስጥ ከጎላው ቀለም በፊት የምትቆመውን ትንሽ ጭረት አብሮ ይገልብጥ። መምህራንም የሙያ ቃል ስታስተዋውቁ በሰሌዳው ላይ ከፋፍላችሁ፣ ጫናውን አመልክታችሁ፣ ደግማችሁ እንድታሰሙ አደራ እላለሁ።