ማዕከላዊ ባንክ ስለ አየር ንብረት ምን አገባው?

ማዕከላዊ ባንክ ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው የወለድ ተመን፣ የዋጋ ንረትና የባንኮች ቁጥጥር ነው፡፡ ባለፉት ዓመታት ግን የአየር ንብረት ለውጥም ተጨምሮበታል፡፡ ጥያቄው ጉዳዩ አሳሳቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሳይሆን፣ ማዕከላዊ ባንክ በዚህ ላይ ምን የማድረግ ሥልጣን በሕግ ተሰጥቶታል የሚለው ነው፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፡፡ አንደኛው አደጋን ማየት ነው፡፡ ድርቅ እህል ሲያስወድድ የዋጋ መረጋጋት ይናጋል፡፡ በመያዣነት የተሰጠ ፋብሪካ በጎርፍ ሲወድም አበዳሪው ባንክ ይጎዳል፡፡ ዋጋንና የባንኮችን ጤንነት እንዲጠብቅ በሕግ የታዘዘ ተቋም ይህን አላይም ቢል ኃላፊነቱን አልተወጣም፤ አዲስ ሕግም አያስፈልገውም፡፡ ሁለተኛው ገንዘብን መምራት ነው፡፡ ብክለት ለሚቀንስ ድርጅት በርካሽ ማበደር፣ በካዩን ማስወደድ ማለት ነው፡፡ ይህ አንዱን የሚጠቅም፣ ሌላውን የሚጎዳ ውሳኔ በመሆኑ ግልጽ የሕግ መሠረት ይሻል፡፡

የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ይህን መሠረት ያገኘው ከኅብረቱ የአሠራር ስምምነት ነው፡፡ በአንቀጽ 127 መሠረት የባንኩ ዋነኛ ዓላማ የዋጋ መረጋጋት ሲሆን፣ ይህን ሳይጎዳ የኅብረቱን አጠቃላይ የኢኮኖሚ ፖሊሲዎች ይደግፋል፡፡ አንቀጽ 11 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ በኅብረቱ ፖሊሲዎች ውስጥ እንዲካተት ያዛል፡፡ ባንኩ በ2021 የድርጊት ዕቅድ አውጥቶ፣ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ የኩባንያዎችን ቦንድ ሲገዛ የተሻለ የአየር ንብረት አፈጻጸም ላላቸው ማድላት ጀመረ፡፡ ግዥው ራሱ ከጊዜ በኋላ ቆሟል፡፡

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል፡፡ ክላየንት ኧርዝ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት፣ የቦንድ ግዥው አካባቢን ዘንግቷል ሲል በ2021 የቤልጂየምን ብሔራዊ ባንክ ብራስልስ ውስጥ ከሰሰ፡፡ ክሱ በዚያው ዓመት በሥነ ሥርዓት ምክንያት ውድቅ በመደረጉ ዋናው ጭብጥ ሳይወሰን ቀረ፡፡

የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ሕግ በሥራ ስምሪትና በዋጋ መረጋጋት ላይ ያተኩራል፡፡ በወቅቱ ሊቀ መንበር የነበሩት ጀሮም ፓወል በ2023 ተቋማቸው የአየር ንብረት ፖሊሲ አውጪ እንደማይሆን ተናገሩ፡፡ ባንኩ በጥር 2025 ማዕከላዊ ባንኮች በዚሁ ጉዳይ በ2017 ከመሠረቱት ጥምረት ወጣ፡፡ ልዩነቱ የፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈው ሕግም የተለያየ ነው፡፡

ለእኛ አገር ጥያቄው እንግዳ አይደለም፡፡ ከ2011 እስከ 2019 ድረስ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ለብሔራዊ ባንክ ሰነድ ግዥ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር፡፡ ግዴታው የመጣው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው፡፡ የተባለው ዓላማ ልማት ነበር፤ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ የሚለው ግን የተወካዮች ምክር ቤት በዝርዝር የተከራከረበት ጉዳይ አልነበረም፡፡ ነገ ‹‹ልማት›› የሚለው ቃል ‹‹አረንጓዴ›› በሚል ቢተካ ጥያቄው ያው ነው፡፡

ዓላማ መልካም መሆኑ ብቻውን ሥልጣን አይሰጥም፡፡ ማዕከላዊ ባንክ ብድርን ወደ አረንጓዴ ዘርፍ እንዲመራ ከተፈለገ፣ ምክር ቤቱ ይህንኑ ገደቡንና ተጠያቂነቱን ለይቶ በአዋጅ ይጻፈው፡፡ እስከዚያው ግን ባንኩ የድርቅንና የጎርፍን አደጋ ከመመዘን የሚያግደው ነገር የለም፡፡