ፕሮፔለሩን ሳያዩ ሞተር አይገዛም

የጀልባ ሞተር ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ያን ጉልበት ወደ ፍጥነት የሚለውጠውን ፕሮፔለር ጎንበስ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔ በበኩሌ ከዚያ ባለ ሦስት ክንፍ ብረት የበለጠ የተራቀቀ የጀልባ ዕቃ አላውቅም።

ልኩ ሁለት ነው፤ ዲያሜትርና ፒች። ዲያሜትር ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት ነው። ፒች ደግሞ ፕሮፔለሩ እንጨት እንደሚበሳ ብሎን ቢሆን በአንድ ዙር የሚገባው ርቀት ነው።

ሰው የሚሳሳተው ፒቹ ላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ቢዞርና ማርሹ በግማሽ ቢቀንሰው ፕሮፔለሩ 2,500 ይዞራል። ፒቹ 13 ኢንች፣ ማለትም 33 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በስሌት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ውኃ ስለሚያንሸራትት ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 20 ይቀነሳል። «ታዲያ 17 ኢንች ባስርበት 65 እገባለሁ» ይላል ችኩሉ። 5,000 ዙሩን ማን ሰጠው? ፒች በጨመረ ቁጥር ሞተሩ በየዙሩ የሚገፋው ውኃ ይከብደዋል፤ በአንድ ኢንች ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይወርዳል። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ፋብሪካው የወሰነለት ዙር ላይ ካልደረሰ 40ውን አይሰጥም።

ጣና ላይ ይህ ይብሳል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ ከመቶ ከ15 እስከ 20 የሚሆነውን ያጣል። ባሕር ዳር ላይ ተጓዥ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልሱ አንድ ባለጀልባ ሞተራቸው ሲያጓራ ካርቡሬተሩን ፈታተው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ስንት ዙር ይደርሳል?» አልኳቸው። ከ4,500 አያልፍም ነበር። ሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፒች ሲያስሩበት ወደ 4,900 ወጣ፤ ጀልባዋም ሰው ሞልታ ፈጠነች። ትንሹ ፒች አፈጠናት!

ዙሩ ሳይሞላ ጋዙን እስከ ጥግ ይዛችሁ የምትነዱ፣ እባካችሁ ተዉ። ሞተሩ ይሞቃል፣ ካርቦን ይይዛል፣ ፒስተኑ ይጎዳል።

ውኃውን እየሰነጠቀ በዝግታ የሚሄድ ከባድ የጭነት ጀልባ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቱ 9 ሜትር ከሆነ፣ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ራሱ ያነሣው ማዕበል ይይዘዋል፤ ከዚያ በላይ የሚጨመርበት ጉልበት በአብዛኛው ማዕበሉን ማሳደጊያ ይሆናል። እንዲህ ላለው ጀልባ ሰፊ ዲያሜትር፣ አነስተኛ ፒችና ዙሩን በደንብ የሚቀንስ ማርሽ ይስማማዋል።