ደም ማነስ ከምን እንደ መጣ ስለ መመርመር

በእንጅባራና በዳንግላ አገር ጠንክሮ ይሠራ የነበረ ሰው ጉልበቱ ሲከዳው፥ ዳገት ሲወጣም ልቡ ሲመታና ትንፋሹ ሲያጥረው፥ ብዙ ጊዜ ነገሩን ለዕድሜው ወይም ለሥራው ብዛት ይሰጠዋል። ደሙ ሲለካ ግን ደም ማነስ ሊገኝበት ይችላል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ከመቶ 24ቱ፥ ከወንዶቹም ከመቶ 15ቱ ደም ማነስ ተገኝቶባቸው ነበር።

ይሁን እንጂ ደም ማነስ ሌላ ምክንያት ከበስተኋላው መኖሩን የሚያመለክት ነው። ምክንያቱን ሳያስመረምሩ የብረት ክኒን ብቻ መዋጥ የሚያፈስ እንስራ ሳይደፍኑ ውሃ እንደ መጨመር ይሆናል።

«ጤፍ የሚበላ ሰው እንዴት ብረት ያንሰዋል?» የሚል አይጠፋም። ጤፍ ብረት ያለው መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጤፍ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ስለ ሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።

ሐኪም አስቀድሞ የሚፈልገው ደሙ በየት በኩል እንደሚጠፋ ነው። ሴት ስለ ወር አበባዋ ብዛትና ስለ ወሊዷ ትጠየቃለች፤ በዚህ ማፈር አይገባም። በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት የሚረግጥ ሰው ሁክዎርም የተባለው ትል በእግሩ ቆዳ ገብቶ፥ ከአንጀቱ ተጣብቆ ደሙን ይመጥጠዋል፤ ይህም በሰገራ ምርመራ ይታወቃል። ከደጋ ወርዶ በጃዊ ቆላ ለሥራ የከረመ ሰውም ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ወባ የደምን ቀይ ሕዋሶች ታፈርሳለችና።

ከሁሉ ይልቅ ችላ ሊባል የማይገባው ግን ወንድ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ብረት ሲያንሳቸው ነው። በነዚህ ላይ ትል ቢገኝም እንኳ ከጨጓራ ቍስል ወይም ከአንጀት ካንሰር በስውር የሚፈስ ደም እንዳለ መመርመር ያስፈልጋል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረበት ሰው ሳይውል ሳያድር ይሂድ። (የብረት ክኒንም ሰገራን ያጠቁራልና፥ የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይናገር።)

በላቦራቶሪ ቀይ ሕዋሶቹ አንሰው ከታዩ ብዙ ጊዜ የብረት ማነስን፥ ገዝፈው ከታዩ ደግሞ የፎሌት ወይም የቫይታሚን ቢ 12 ማነስን ያመለክታሉ። የሄሞግሎቢን ልክ ለወንድ 13፥ ላልፀነሰች ሴት 12 ግራም በዴሲሊትር ቢባልም፥ ይህ ለዝቅተኛ አገር የተወሰነ ስለ ሆነ በደጋ ለሚኖር ሰው ከፍታው ታስቦ ይመዘናል።

የብረት ማነስ መሆኑ ተረጋግጦ ክኒን የታዘዘለትም ሰው ድካሙ ስለ ለቀቀው ብቻ አያቋርጥ፤ የሰውነቱ የብረት ጎተራ እንዲሞላ ደሙ ልኩን ከያዘ በኋላም 3 ወር ያህል መውሰድ አለበት።