የደከመ የማውስ ቁልፍን በቤት ስለ መጠገን

በአምቦ፥ በጉደርና በጊንጪ ከተሞች ሒሳቡን በኮምፒዩተር ለሚይዝ ነጋዴ፥ አንድ ጊዜ የተጫነው የማውስ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢቆጥር ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ አንድ ኩንታል ጤፍ የሸጠ ሁለት ኩንታል እንደ ሸጠ ሆኖ ሊመዘገብበት ይችላልና።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከቁልፉ ሥር ባለችው ትንሽ ስዊች ውስጥ ስስ የመዳብ ሞላ አለች። ስዊቿ እንደ ዐይነቷ 10 ወይም 20 ሚሊዮን ጊዜ እንድትጫን የተሠራች ብትሆንም፥ ሞላዋ ስትደክም ወይም መገናኛዋ ሲዝግ፥ አንዱ ንክኪ ተቆራርጦ እንደ ሁለት ይቆጠራል።

አጠጋገኑም እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ማውሱ ከኮምፒዩተሩ ይነቀላል፤ ባትሪ ካለውም ይወጣል። ቀጥሎ በሆዱ ከተለጠፉት ማንሸራተቻዎች ሥር ያሉት ብሎኖች በካቻቢቴ ይፈታሉ። ከዚያም የስዊቿ ክዳን በስስ ስለት ተነሥቶ፥ ሞላዋ በወረንጦ ትወጣለች፤ ቆልማማ ምላሷም በጥቂቱ ጎበጥ ተደርጋ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ከክዳኑ የምትወድቀው ደቃቅ ፕላስቲክ እንዳትጠፋ ጨርቅ አንጥፎ መሥራት ይገባል።

ይህ ካልረዳ፥ ስዊቿ በሦስት እግር የተበየደች ስለ ሆነች በሬዲዮ ጠጋኝ ማስለወጥ ይቻላል። አስመጪዎችም ከሙሉው ማውስ ጋር ይህችን መለዋወጫ ቢያስመጡ፥ ለሸማቹም ለውጭ ምንዛሪውም ቁጠባ ይሆናል።