ማዋሐድ ወይስ መጋራት? ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎቻቸው

እንደሚታወቀው፣ በዛሬው የፊዚክስ ምርምር አንድ የስሌት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይጻፍም። ተመራማሪው ትእዛዙን በፓይተን ይጽፋል፤ የማትሪክሱን ስሌት የሚሠራለት ግን በፎርትራን ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ላፓክ የተሰኘ ላይብረሪ ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸውም በሲ የተጻፈ አገናኝ ይገኛል። ላይብረሪ ስንል ብዙ ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የተዘጋጁ ተግባራት ስብስብ ማለታችን ነው።

ኮምፓይለር እያንዳንዱን ክፍል ወደ ማሽን ቋንቋ ከመለሰ በኋላ፣ ሊንከር የተባለው ፕሮግራም ክፍሎቹን በስማቸው እየፈለገ ያያይዛል። ቋንቋዎች ሲቀላቀሉ ስም ራሱ ችግር ይፈጥራል። ብዙ የፎርትራን ኮምፓይለሮች በተግባሩ ስም መጨረሻ ላይ የግርጌ ሰረዝ ይጨምራሉ፤ በሲ የሚጽፍ ሰው ይህን ካላወቀ ሊንከሩ ተግባሩን ሊያገኘው አይችልም።

ክፍሎቹን ለማያያዝ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ስታቲክ ይባላል፤ አስፈላጊው የላይብረሪ ክፍል ተገልብጦ ከፕሮግራሙ ጋር ይዋሐዳል። ፕሮግራሙ ስንቁን እንደያዘ መንገደኛ ነውና ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ላይብረሪውን አይፈልግም። ጉዳቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታይቷል። ዚሊብ በተባለው የመረጃ ማመቂያ ላይብረሪ የደኅንነት ጉድለት ሲገኝ፣ በጋራ ለሚጠቀሙበት ፕሮግራሞች አንዱን ፋይል መተካት ሲበቃ፣ ያዋሐዱት ግን እያንዳንዳቸው እንደገና መሠራት ነበረባቸው።

ሁለተኛው መንገድ የጋራ ላይብረሪ ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ይጫናል፣ አንዱ ቅጂም ብዙ ፕሮግራሞችን ያገለግላል። ሆኖም ላይብረሪው ሲቀየር የስሌቱ ውጤት ሊለወጥ ይችላል። ለምሳሌ በ64 ቢት የአስርዮሽ ስሌት ከ10¹⁶ ላይ 10¹⁶ ቀንሰን 1 ብንደምር ውጤቱ 1 ነው፤ አስቀድመን 1 ደምረን ብንቀንስ ግን 0 ይሆናል። አዲሱ ላይብረሪ የመደመሩን ቅደም ተከተል ከለወጠ፣ የውጤታችን የመጨረሻ አኃዞች ይለያያሉ።

ፓይተን በሲ ወይም በፎርትራን የተጻፉ ሞጁሎቹን የሚጭነው በሥራ ላይ እያለ ስለሆነ፣ ሞጁሉ ራሱ በአብዛኛው የጋራ መሆን ይኖርበታል። የፎርትራኑ ክፍል በውስጡ ሊዋሐድ ይችላል፤ ነገር ግን በየትኛውም የሜሞሪ አድራሻ ላይ እንዲሠራ ሆኖ መዘጋጀት አለበት። አለዚያ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሊንከሩ አይቀበለውም።

ስለዚህ በኔትወርክ ለሚያገለግልና ፈጣን ጥገና ለሚሻ ፕሮግራም መጋራት፣ ከዓመታት በኋላ ተደግሞ መረጋገጥ ላለበት ስሌት ደግሞ ማዋሐድ ይመረጣል። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ፣ የላይብረሪውን ስምና የእትም ቁጥር ከውጤቱ ጋር ልንመዘግብ ይገባናል፤ ሌላው ሊደግመው የማይችል ስሌት እንደ ማስረጃ አይቆጠርምና።