«ደረጃውን የጠበቀ ፈተና» ስለሚለው ስያሜ

ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ ችሎታ በየተወሰነ ጊዜ በሀገር አቀፍ ፈተና ሲመዘን ቆይቷል። ይዘቱ፣ አሰጣጡና እርማቱ በየትም ቦታ እኩል የሆነውን ይህን መሰል ፈተና ተርጓሚዎች «ደረጃውን የጠበቀ» ይሉታል። ስያሜው አሳሳች ነው። ደረጃውን የጠበቀ መንገድ፣ ደረጃውን የጠበቀ ቤት ሲባል የሚታሰበው ጥራት እንጂ አንድ ዓይነትነት አይደለም። እንግዲህ በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚያስተምር መምህር በጠጠር አስቆጥሮ፣ አስደምሮ ያወጣው የክፍል ፈተና በስሙ ብቻ «ደረጃውን ያልጠበቀ» ሊባል ነው፤ ከውጭ የመጣውን ፈተና በጥርጣሬ ቢያይ አይፈረድበትም። በገበያ ቁና የሚፈለገው ከሌላው ቁና ስለሚሻል ሳይሆን ለሻጭም ለገዥም እኩል ስለሚሰፍር ነው። እኛ «አንድ ወጥ ፈተና» የሚለውን እንመርጣለን («ወጥ» ብቻውን ከቀረ ሐሳብን ወደ ማዕድ ይወስዳል)። መምህሩ በየዕለቱ ለሚያካሂደው ግን «ተከታታይ ምዘና» የሚለው አስቀድሞ ስለተለመደ ሌላ ቃል አያሻውም።